ከጨረታ መኪና ልትገዙ ነው? ሂሳቡን ከመለዋወጫ ሱቅ ጀምሩ

ጎንደር ውስጥ የመኪና መለዋወጫ እሸጣለሁ። የጨረታ መኪና የገዛ ሰው ብዙ ጊዜ እኔ ጋ የሚመጣው ካሸነፈ በኋላ ነው። መካኒኩ የጻፈለትን ብጣሽ ወረቀት ባንኮኒው ላይ ያስቀምጥና «እትዬ፣ እስቲ ይቺን ደምሪልኝ» ይለኛል። እደምርለታለሁ። አንዳንዱ ድምሩን ሲሰማ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ይከታል። አንዳንዱ ደግሞ «ታዲያ ምኑን ረከሰ?» ብሎ እኔኑ ይቆጣኛል።

ጥያቄው ጥሩ ነው፤ ሰዓቱ ነው ያለፈበት።

ከጨረታ አትግዙ እያልኩ አይደለም። ከገበያው ዋጋ በደንብ ቀንሰው የገዙ፣ አሁን ለዘይትና ለፊልትሮ ብቻ ብቅ የሚሉ ደንበኞች አሉኝ። ከሌላው የሚለዩት በዕድል አይደለም። እነሱ የዕቃ ዋጋ ሲጠይቁ የመጡት ሲፒኦ (ለጨረታ ማስያዣ የሚሆነውን የባንክ የክፍያ ማዘዣ) ከማሠራታቸው በፊት ነው። ወረቀታቸው ላይ «ሊቀየር የሚችል» እያሉ ጽፈው ነው የሚመጡት። ይህን የምጽፈው እናንተም እንደዚያ ቀድማችሁ እንድትመጡ ነው።

ሰዉ ለምን ወደ ጨረታ እንደሚጎርፍ ይገባኛል። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ከውጭ ማስገባትን እሳት አደረገው። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለው አሮጌ ቪትዝና ኮሮላ እያረጀ ዋጋው አልወርድ አለ። ደላላ ጋ ስትሄዱ የምትሰሙት ዋጋ ያስደነግጣል። በጋዜጣ ላይ የምታዩት የጨረታ መነሻ ዋጋ ደግሞ ያጓጓል። ችግሩ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ «ልዩነቱ የኔ ትርፍ ነው» ማለት ላይ ነው።

መጀመሪያ ሻጩን እወቁ

መኪናው ለምን እንደሚሸጥ ማወቅ የመኪናውን ግማሽ ታሪክ ማወቅ ነው።

የባንክ ሐራጅ በብዛት የምታገኙት ነው። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንክ በመያዣ የያዘውን ንብረት፣ ለተበዳሪው ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ፍርድ ቤት ሳይሄድ መሸጥ ይችላል። እዚህ ላይ አንድ ነገር አስቡ። የብድር ወርሃዊ ክፍያ ያቃተው ሰው ዘይት በጊዜው አይቀይርም። ጎማ አይቀይርም። መኪናው ከመያዙ በፊት ብዙ ወራት ያለ ሰርቪስ ሠርቷል ብላችሁ ጀምሩ። በተለይ ሚኒባስና አይሱዙ ከሆነ፣ ባለቤቱ ዕዳውን ለማምለጥ ቀንና ሌሊት ሲያሠራው ከርሟል። ደግሞ ተበዳሪው በመጨረሻ ሰዓት ከፍሎ ጨረታው ሊሰረዝ ይችላል። ለዚያ ቀን ብላችሁ ሌላ ዕድል አትግፉ።

የመንግሥት መሥሪያ ቤት መኪና፣ ማለትም ኮድ 4፣ ወረቀቱ ብዙውን ጊዜ ንጹሕ ነው። ጣጣው ሌላ ነው። ብዙ ሹፌር ተፈራርቆበታል፤ «የኔ ነው» ያለው ሰው የለም። ከዚያም ይወገድ ተብሎ እስኪወሰን ድረስ ግቢ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ይቆማል። የቆመ መኪና ደግሞ ዕቃው እየተፈታ ለሌላው መኪና ይሆናል። ሞተሪኖው (ሞተር ማስነሻው)፣ ዲናሞው፣ ባትሪው፣ አንዳንዴም የሞተሩ ኮምፒውተር የለም።

የእርዳታ ድርጅት መኪና እኔ ብመርጥ የምመርጠው ነው። ሰርቪሱ በደብተር ተመዝግቦ ነው የሚመጣው። ግን ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ የት ሲሠራ ነበር? ቆላ ወርዶ መተማ መንገድ የከረመና ከተማ ውስጥ ስብሰባ ሲያመላልስ የከረመ አንድ አይደሉም። ሁለተኛ፣ ቀረጡ ተከፍሏል? በቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነ ቀረጡንና ታክሱን ማን እንደሚከፍል ማስታወቂያው ላይ ይጻፋል። ገዢ ይከፍላል ከተባለ፣ ስንት እንደሆነ ጉምሩክ ሄዳችሁ ሳትጠይቁ ዋጋ አታስገቡ።

ጉምሩክ የወረሳቸውን መኪኖች ስትገዙ ታሪክ የሚባል ነገር አትጠብቁ። የት እንደነበረ፣ ማን እንደነዳው የሚነግራችሁ የለም። ቁልፉ መኖሩን፣ ታርጋ ለማውጣት የሚያስፈልጋችሁ ወረቀት በሙሉ የሚሰጣችሁ መሆኑን ቀድማችሁ አረጋግጡ።

የኢንሹራንስ ጨረታ ደግሞ ለመካኒክና ለባቲላሜራ ሰው የተሠራ ነው። መኪናው ተጋጭቷል፤ ያለቀለት ነው። «ፊቱ ብቻ ነው የተነካው» የሚላችሁን አትመኑ። ፊቱ ሲነካ ሻንሲውም አብሮ ሊጣመም ይችላል።

በነገራችን ላይ፣ የባንክ ሐራጅ መኪና «የሰው ዕንባ ያለበት ነው» ብለው የማይነኩ ሽማግሌዎች እዚህ ጎንደር አሉ። አከብራቸዋለሁ። ሌሎች ደግሞ ገዝተው በቀጥታ ቤተ ክርስቲያን ወስደው ጠበል ያስረጫሉ። እሱም ደግ ነው። ብቻ ቤተ ክርስቲያኑ ዳገት ላይ ከሆነ ፍሬኑን አስቀድማችሁ አሠሩ።

ማስታወቂያው ላይ ያለው ጥቃቅን ጽሑፍ

የጨረታ ማስታወቂያ በአዲስ ዘመን፣ በሪፖርተር፣ እኛ ክልል ደግሞ በበኩር ጋዜጣ ላይ ይወጣል። መሥሪያ ቤቱ በር ላይም ይለጠፋል። አሁን አሁን ደላሎች ፎቶ አንስተው በቴሌግራም ይለቁታል። ከቴሌግራሙ ዋናውን ፈልጉ። ፎቶ ሲነሳ የታችኛው መስመር ተቆርጦ ይቀራል፤ ገንዘባችሁ የሚወሰነው ደግሞ እዚያ ታች ነው።

«ባለበት ሁኔታ» የሚለውን ቃል ታገኛላችሁ። ከወሰዳችሁ በኋላ ሞተሩ ባይነሳ፣ ካምቢዮው ቢፈርስ ሻጩን አይመለከተውም ማለት ነው።

ቫትን በሚመለከት ሁለት ዓይነት አጻጻፍ አለ። «ቫትን ጨምሮ» እና «ቫት ተጨምሮ ይከፈላል»። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 15 በመቶ ነው። ግልጽ ካልሆነ ስልክ ደውሉ፤ ግልጽ ቢመስላችሁም ደግማችሁ ጠይቁ።

የጨረታ ማስከበሪያ የሚያዘው በሲፒኦ ነው። በባንኮች ሐራጅ ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው የመነሻውን ዋጋ ሩብ ነው። መነሻው 800,000 ብር ከሆነ 200,000 ብር ማስያዝ አለባችሁ። ሲፒኦው ላይ የሚጻፈው ስም ማስታወቂያው ላይ እንዳለው ቃል በቃል ይሁን። የቅርንጫፉን ስም ማን ጠየቃችሁ? የተባለውን ብቻ። ደግሞ በጨረታው ጠዋት ባንክ ሄዶ ለማሠራት አትሞክሩ። ኔትወርክ የለም ይሏችኋል፤ ሰዓቱ ያልፋል።

ካሸነፋችሁ ቀሪውን የምትከፍሉበት ቀን ተወስኗል፤ 15 ቀን የሚለውን ደጋግማችሁ ታያላችሁ። በዚያ ጊዜ ካልከፈላችሁ ያስያዛችሁት ይወረሳል። ስለዚህ «ካሸነፍኩ መሬቴን ሸጬ እከፍላለሁ» የሚባል ነገር የለም። ገንዘቡ መጀመሪያ እጅ ላይ ይኑር። ዕቁብ የሚወጣላችሁ መቼ እንደሆነም ቁጠሩ።

የመጨረሻዋን መስመር ሁላችንም በቃላችን እናውቃታለን። መሥሪያ ቤቱ ጨረታውን በሙሉም ሆነ በከፊል የመሰረዝ መብቱ የተጠበቀ ነው። አትሳቁባት። እውነትም ይሰርዛሉ።

መኪናውን የማያ ቀን

ጨረታው እዚህ ነው የሚያልቀው እላለሁ። አዳራሽ ውስጥ የሚሆነው ቁጥር መጥራት ብቻ ነው።

መካኒክ ይዛችሁ ሂዱ። የመካኒኩን የቀን ገንዘብ አትቆጥቡ። የሚያውቀው ሰው ደግሞ ለዚያ ዓይነት መኪና ይሁን፤ የቪትዝ መካኒክ ይዞ አይሱዙ ለማየት መሄድ ዋጋ የለውም። ባትሪ መብራት፣ አሮጌ ጨርቅ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ፣ በስስ ጨርቅ የተጠቀለለች ማግኔት ያዙ። ልብሳችሁ ሊቆሽሽ የሚችል ይሁን። መነጽርና ሱፍ አድርገው መጥተው መኪናውን ከሩቅ ዞረው የሚያዩ ሰዎች አያለሁ፤ መኪናው ቀለም ብቻ ነው የሚያሳያቸው።

አንድ ጊዜ አንድ መሥሪያ ቤት ግቢ ውስጥ ደብል ጋቢና ሃይሉክስ ለማየት ከመካኒክ ወዳጄ ጋር ሄጄ ነበር። ክረምት ነበር። ሣሩ ጎማውን ውጦታል። መኪናው ሲታይ ነጭ፣ ያማረ። ሌላ ተጫራች ገብቶ መሪውን ይዞ ተቀምጧል፤ ወንበሩን እየደበደበ «ይሄ እኮ አዲስ ነው» ይላል። ወዳጄ ግን ኮፈኑን ከፍቶ መጀመሪያ ያየው ሽቦውን ነው። አይጥ ገብታ የሞተሩን ሽቦ በልታለች፤ ጎጆዋንም ሠርታለች። ቀጥሎ የዘይት መለኪያውን መዘዘ። በጨርቅ ጠርጎ መልሶ ከተተና እንደገና ሲያወጣው ዘይቱ ማኪያቶ መስሎ ወጣ። ቀና ብሎ አየኝ። ውኃና ዘይት ተገናኝተዋል። «ጓርኒሲዮን በልቷል፤ ቴስታታውም ተሰንጥቆ እንደሆነ ሳይፈታ አይታወቅም» አለኝ። ቴስታታ የሞተሩ ራስ ነው፤ ጓርኒሲዮኑ ደግሞ ከሥሩ ያለው ማሸጊያ። እኔ እዚያው ቆሜ የዕቃውን ዋጋ ጻፍኩ። ሰውየው አሁንም ወንበሩን ይደበድባል።

ያ መኪና አይገዛም ማለት አልነበረም። ዋጋው ሌላ ነው ማለት ነው።

አብዛኛው ሻጭ ሞተር ማስነሳት አይፈቅድም። ጠይቁ፤ ካልፈቀዱ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። መካኒኩ የክራንኩን ፑሊ ብሎን በቁልፍ ይዞ በእጁ ለማዞር ይሞክር። ከዞረ ሞተሩ አልተነከሰም። ፈጽሞ እምቢ ካለ ሙሉ ሞተር ማውረድ ሊጠብቃችሁ ይችላል። ለዚህም ፈቃድ ጠይቁ እንጂ ተደብቃችሁ አትሞክሩ፤ የጥበቃው ሰው እንጀራ ነው።

ማስነሳት ከተፈቀደ መጀመሪያ ሞተሩን በእጃችሁ ንኩት። ከሞቀ እናንተ ሳትመጡ አስነስተውታል፤ ለምን? ቀዝቅዞ ሲነሳ የሚያወጣውን ጭስ ተመልከቱ። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየበላ ነው። ሞቆም የማይቆም ነጭ ጭስ ውኃ ገብቷል ያሰኛል። ናፍጣ ሆኖ ጥቁር የሚያጨስ ከሆነ ደግሞ ነዳጁን ወደ ሞተሩ የሚረጨውን ኢንጀክተር አስቡ።

ኢንጀክተር ስል አንድ ነገር ልበል። ሰው ሁሉ «ቶዮታ ነው፣ ናፍጣ ነው» ብሎ ዓይኑን ጨፍኖ ይገባል። ናፍጣ ሁሉ ግን አንድ አይደለም። አሮጌው የላንድክሩዘር ዋን ኤች ዜድ ሞተርና የሃይሉክስ ፋይቭ ኤል ሞተር ተርቦ የላቸውም፤ ኮምፒውተርም አያሳስባቸውም። የትኛውም ጋራዥ ይሠራቸዋል። ዲ ፎር ዲ የሚባሉት ግን ኢንጀክተራቸው በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዝ፣ ለቆሻሻ ናፍጣ ትዕግሥት የሌለው ነው። አራቱም ከተበላሹ የእኔ ሱቅ ወረቀት ያስለቅሳችኋል። ጉልበቱ ግን ጥሩ ነው፤ አልዋሽም።

ቀለሙን በማግኔቷ እዩ። ላሜራው ላይ በኃይል ትይዝና አንድ ቦታ ላይ ስትደርስ ትለቃለች። እዚያ የተጎዳ ላሜራ መሙያ፣ ስቱኮ፣ ተሞልቷል። ከዚያ የፓራፋንጎና የኮፈን ብሎኖችን ተመልከቱ። ቀለማቸው በቁልፍ ከተላላጠ ተፈትተው ያውቃሉ። ሻንሲው ላይ አዲስ ብየዳ ካለ መካኒኩ ለብቻው ቆሞ ይይ።

የተመረተበትን ዓመት ለማወቅ የደህንነት ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ሳቡት። ከታች በተሰፋችው ጨርቅ ላይ ዓመቱን ብዙ ጊዜ ታገኙታላችሁ። የአንዱ ወንበር ቀበቶ ከሌላው በዓመታት ከራቀ ተቀይሯል፤ ቀበቶ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚቀየረው ከግጭት በኋላ ነው። ጎማው ጠርዝ ላይ አራት ቁጥር አለ፤ 2319 ካለ በፈረንጅ 2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ዕድሜው ያለፈ ጎማ ሞልቷል፤ በተለይ የቆመ መኪና ላይ። ዓመት ካነሳን ሊብሬው ላይ ያለው የአበሻ ይሁን የፈረንጅ እዩ። «የ2003 ሞዴል» ብሎ ሰባት ስምንት ዓመት የሚያስት ሰው አይጠፋም።

ኪሎ ሜትሩን እኔ አላምነውም። ይመለሳል። ይልቅ የፍሬንና የፍሪሲዮን ፔዳሉን ጎማ እዩ። ዳሽቦርዱ 90,000 እያለ የፔዳሉ ጎማ አልቆ ብረቱ ከወጣ፣ የምታምኑት ፔዳሉን ነው። አውቶማቲክ ካምቢዮ ከሆነ ዘይቱን አሽትቱ፤ ጠቁሮ የተቃጠለ ነገር ከሸተተ ካምቢዮው ተሟጧል።

በመጨረሻ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ፊደል በፊደል አመሳክሩ። ፎቶ አንሱት። አንድ ፊደል ብትለያይ መንገድ ትራንስፖርት ስም አያዛውርላችሁም፤ የፈለገውን ያህል ሞተሩ ቢዘፍን። ከቻላችሁ ፋይሉ ያለበት ቢሮ ሄዳችሁ እገዳ፣ ያልተከፈለ ቅጣት፣ ያልታደሰ ቦሎ መኖሩን ጠይቁ። ታርጋው «አአ» ከሆነ ፋይሉ አዲስ አበባ ነው፤ ማዘዋወሩ ጊዜ ይወስዳል።

ሂሳቡ

አሁን ወደ እኔ ሱቅ ኑ። ወይም ወደ ሌላው፤ ዋጋ ማነጻጸር ነውር አይደለም። የመካኒኩን ዝርዝር ይዛችሁ እያንዳንዱን ዕቃ ጠይቁ። ኦሪጅናሉንም፣ ሌላውንም። ዕቃው ጎንደር አለ ወይስ ከአዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ ነው የሚመጣው? የመንገዱን ነገር ሁላችንም እናውቃለን። ዕቃ እስኪመጣ መኪናው ጋራዥ ከቆመ፣ ለሥራ የገዛችሁት ከሆነ በየቀኑ እያከሰራችሁ ነው። ለዚህ ነው ብርቅ የሆነ መኪና ረክሶ ስታዩ ለምን እንደረከሰ ቀድማችሁ አስቡ የምለው።

ከዚያ ከላይ ወደ ታች ቀንሱ። እንበል፣ ያው ዓይነት መኪና በጥሩ ሁኔታ ላይ ሆኖ ገበያ ላይ 1,500,000 ብር ይሸጣል። ለጥገና 180,000፣ ለስም ማዛወሪያ፣ ለቴምብርና ለኢንሹራንስ 60,000፣ ለጎማ፣ ለባትሪና ለማስጎተቻ 70,000፣ ላላያችሁት ጉድ ደግሞ 90,000 ያዙ። ቁጥሮቹ ምሳሌ ናቸው፤ የእናንተን አስገቡ። ድምሩ 400,000 ነው። ቀሪው 1,100,000። ይህን ቁጥር ብዙ ሰው ይጽፈዋል። ቫት ተጨምሮ የሚከፈል ከሆነ ግን 1,100,000 ብላችሁ ስታሸንፉ 1,265,000 ነው የምትከፍሉት። ስለዚህ 1,100,000ን ለ1.15 አካፍሉት። 956,000 አካባቢ ይመጣል። ጣሪያችሁ ያ ነው።

ይህን ስታደርጉ እንኳን ያገኛችሁት በገበያው ዋጋ መግዛት ነው። ትርፍ የምትፈልጉ ከሆነ ከዚያም ውረዱ። ላልታየ ጉድ የያዝኩትን «አበዛሽው» የሚሉኝ አሉ። እሱኑ ወረቀት ይዘው ሲመለሱ ደግሞ አነሰ ይላሉ።

ዋጋ ማስገባት

ጨረታው ግልጽ ሐራጅ ነው ወይስ በታሸገ ኤንቨሎፕ? ሁለቱ የተለያየ ጠባይ ይፈልጋሉ።

በኤንቨሎፕ ሲሆን አንድ ዕድል ነው ያላችሁ። ዋጋውን በአሃዝም በፊደልም ጻፉ፤ ሁለቱ ይስማሙ። ስርዝ ድልዝ ካለበት ሊጥሉት ይችላሉ፤ ከተሳሳታችሁ ቅጹን ቀይሩት። ክብ ቁጥር አትጻፉ። ሰው ሁሉ 950,000 ይጽፋል። 953,700 የጻፈ በትንሽ ብር ይወስደዋል። በየትኛው ተራ ቁጥር ላይ እንደተጫረታችሁም ተመልከቱ፤ የሰሌዳ ቁጥሩን አብራችሁ ጻፉ።

ግልጽ ሐራጅ ላይ ደግሞ ፈተናው ስሜት ነው። ጣሪያውን በወረቀት ጽፋችሁ ኪሳችሁ ክተቱ፤ የሚጠራው አንድ ሰው ብቻ ይሁን። ባልና ሚስት ተያይዘው መጥተው አንዱ ሌላውን «ጨምር፣ ጨምር» ሲሉ አይቻለሁ። የሰፈር ሰው አየኝ ብሎ እልህ መጋባትም አለ። ጎንደሬ እልኸኛ ነው ይባል የለ? እልኹን ለሌላ ነገር አቆዩት።

አንድ ነገር ደግሞ ተጠንቀቁ። በር ላይ ቀርቦ «ይቺን ለኔ ተውልኝ፤ የሻይ አለኝ» የሚላችሁ ሰው አይጠፋም። ተጫራቾች ተመሳጥረው ዋጋ ማውረድ ሕገ ወጥ ነው። ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ ጣጣው ብዙ። ፈገግ ብላችሁ «እኔም ፈልጌያት ነው የመጣሁ» በሉና ግቡ።

ካላሸነፋችሁ ሲፒኦአችሁን ተቀብላችሁ በቀጥታ ባንክ ሂዱና ወደ ሂሳባችሁ አስመልሱት። ቦርሳ ውስጥ ይዞ መዞር ምን ያደርጋል?

ካሸነፋችሁ

ክፍያውን ጨርሳችሁ ደረሰኝ ያዙ። ቀጥሎ የሽያጭ ደብዳቤ ለመንገድ ትራንስፖርት እንዲጽፉላችሁ ጠይቁ። መኪናው በባንክ ዕዳ የተያዘ ከነበረ የዕዳና እገዳ ማንሻውም አብሮ ይጻፍ። እሱ ከቀረ ገንዘብ ከፍላችሁም የስም ዝውውሩ ይቆማል።

ርክክቡ ላይ ማያ ቀን ያነሳችሁትን ፎቶ ይዛችሁ ሂዱ። ያኔ የነበረ ባትሪ፣ ተቀያሪ ጎማ፣ ክሪክ ዛሬ አለ? ከሌለ ሳትፈርሙ ተናገሩ። ከፈረማችሁ በኋላ የሚሰማችሁ የለም። መኪናውን በተባለው ቀን አንሱ፤ ካለፈ በየቀኑ የማቆያ ኪራይ የሚያስከፍሉ አሉ።

የራሱን ጎማ አዙሮ ይሄዳል ብላችሁ ከባሕር ዳር ወይም ከአዲስ አበባ ለመንዳት አትሞክሩ። ከባሕር ዳር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከአዲስ አበባ ከ700 በላይ። ለረጅም ጊዜ የቆመ መኪና የፍሬን ጎሚኒው ደርቆ ይሆናል፤ ነዳጁም ተበላሽቷል። አስጭኑት። ደግሞ የሶስተኛ ወገን መድን ሳይኖረው መንገድ ላይ ማውጣት በሕግ አይፈቀድም።

ጋራዥ ሲገባ መጀመሪያ የሚቀየሩት የሞተር ዘይት፣ ፊልትሮዎቹ፣ የፍሬን ዘይትና የራዲያተር ውኃ ናቸው። የታይሚንግ ቺንጋ ያለው ሞተር ከሆነ ቺንጋውንም ቀይሩት፤ «ገና ነው» የሚል መረጃ የላችሁም። የነዳጅ ታንኩን አስጥባችሁ አዲስ ነዳጅ ሙሉ። ወረፋው ረጅም ነው፤ አውቃለሁ፤ ግን ታንክ ግርጌ የከረመው ዝቃጭ ኢንጀክተር ይዞ ከሚሄድ ወረፋው ይሻላል።

መጀመሪያ በደልዳላው ላይ ንዱት። ከዚያ ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ያለውን ዳገት አውጡትና የሙቀት መለኪያውን እያያችሁ ውጡ። መርፌው ከመሀል ካለፈ ቁሙ፤ ሞተሩን አጥፉ፤ የራዲያተሩን ክዳን እስኪቀዘቅዝ አትክፈቱ። ይህን ዳገት ሳይሞቅ ደጋግሞ እስኪወጣ ድረስ ሊማሊሞን አታስቡት።

ዕቃ ልትገዙ ስትመጡ የተፈታውን አሮጌ ዕቃ ይዛችሁ ኑ። «የቪትዝ ነው» ብቻ ብትሉኝ አይበቃኝም፤ የቪትዝ ሞተር ብዙ ዓይነት ነው። የሻንሲ ቁጥሩን ፎቶ አሳዩኝ፤ እሱ ይነግረኛል።